አሳማዋን ያየ ሰው አልነበረም

ጆስሊን ፕራት እጇን ዌንደል ክንድ ላይ ጣል ባደረገች ቁጥር እኔ መቆረጥ የሌለበትን ነገር እቆርጥ ነበር። መጀመሪያ የሐሞት ከረጢቱን በሳሁት። ቀጥሎ ጓደኛዬ ዶቲ በስንት ጥንቃቄ አጽድታ ያወጣችውን ሰማያዊ የደም ሥር በጠስኩባት።

«ሎርና፣ ይቺ አሳማ ምን አደረገችሽ?» አለችኝ ዶቲ በሹክሹክታ። «የምትቆርጪው የጠላሽውን ከሆነ፣ እሷ ከጠረጴዛው ማዶ ናት።»

«ማንንም አልጠላሁም።»

«እሱማ ያስታውቃል። ምላጩን ወዲህ በይ፣ ጣቴን እፈልገዋለሁ።»

ምላጩን ሰጠኋትና እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ከማዶ ጆስሊን አረንጓዴ ሪባን ያሰረችበትን ፀጉሯን ወደ ኋላ እየጣለች «ዌን፣ እኔ አልችልም፣ አንተ ያዝልኝ» ትላለች። ዌን! እኔ ዌንደል ብዬ ሙሉ ስሙን ስጠራ እንኳ ሰው እንዳይሰማኝ ግራ ቀኝ እያየሁ ነው፤ እሷ ስሙን ቆርጣ ትጠራዋለች።

በረዶው መቅለጥ የጀመረበት፣ የአዮዋ መንገድ ሁሉ ጭቃ የሆነበት ሰሞን ነው። በወረዳችን ኮሌጅ ነርስ ልንሆን የምንማረውም፣ እንደ ዌንደል የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ለመግባት ማርክ የሚለቅሙትም፣ አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ተደባልቀን ያልተወለዱ አሳማዎችን ቀደን እናያለን። አሳማዎቹ የሚመጡት ከቄራ ነው፤ እርጉዝ እናቶቻቸው ሲታረዱ ከሆዳቸው የወጡ ናቸው። የደም ሥሮቻቸው ቀይና ሰማያዊ ቀለም ተሞልቶባቸው፣ እንዳይበሰብሱ ፎርማሊን ውስጥ ተነክረው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይመጣሉ። ለሌላ አገር ሰው ይዘገንን ይሆናል። እኛ ግን በአሳማ ያደግን ነን፤ እኔ ደግሞ ከሁሉም የባስኩ። አባቴ አርቪድ ስኮግ ከአሳማ በቀር ምንም አርብቶ አያውቅም።

የአሳማ አርቢ ልጅ መሆን ምን እንደሆነ የከተማ ሰው አይገባውም። ልብስሽን ስንት ጊዜ ብታጥቢው ሽታው አይለቅም። ቤተ ክርስቲያን ስትገቢ ከኋላሽ የተቀመጠችው ሴትዮ መሐረቧን ታወጣለች። እዚያ ላቦራቶሪ ውስጥ ግን ፎርማሊኑ ሁላችንንም አንድ አድርጎን ነበር፤ የሐኪም ልጅም የእኔም እጅ እኩል ይሸታል። ክፍሉን የወደድኩት ለዚህ ነው። ጆስሊን መጥታ አበላሸችው እንጂ።

ዌንደል የዶክተር ሃቨር ልጅ ነው። የከተማችንን ግማሽ ሕፃን ያዋለዱት አባቱ ናቸው፣ እኔንም ጨምሮ። እሱ ግን ከሰው ይልቅ እንስሳ ይወዳል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእንስሳት ሐኪሙ ጋር በየእርሻው እየዞረ ይሠራል። በቆሎው በተሰበሰበበት ሰሞን እኛ ጋ መጣ። ለመኮላሸት የደረሱ ግልገሎች ነበሩንና ወንዶቹን ከሴቶቹ መለየት ነበረብን። እኔ ከጉረኖው እያነሳሁ አቀብለዋለሁ፤ እሱ ገና እጄ ላይ ሳሉ፣ ሳይነካቸው፣ «ወንድ፤ ሴት፤ ሴት፤ ወንድ» ይላል። አንዱንም አልሳተም። አባቴ አጥሩን ተደግፎ ሲያይ ቆይቶ «ይሄ ልጅ ዓይን አለው» አለ። አባቴ ሰው አመስግኖ አያውቅም። ሥራው አልቆ ቧንቧው ሥር እጃችንን ስንታጠብ፣ ዌንደል ቀዝቃዛ እጁን አንገቴ ላይ አድርጎ ሳመኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የእሱ ነኝ። ግን ማንም የማያውቀኝ የእሱ። የጭነት መኪናውን ሰው በማያይበት በኩል ያቆማል፤ ቤታችን የሚመጣው «ሐኪሙ ልኮኝ ነው» እያለ ነው። አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ ከእናቱ ጋር አገኘሁት። እናቱ ሚስስ ሃቨር ጓንታቸውን ሳያወልቁ ብርቱካን ይመርጣሉ። እሱ ጆሮው ድረስ ቀላና «ሰላም ሎርና፣ አባትሽ ደህና ናቸው?» አለኝ። አባቴ ደህና ነበር። ደህና ያልነበርኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን መኪናችን ውስጥ ተቀምጬ መሪውን ይዤ አለቀስኩ።

ጆስሊንን ግን ሱቅም ቤተ ክርስቲያንም ያለ አንዳች መሸማቀቅ ሰላም ይላታል። አባቷ የእህል ጎተራው ባለቤት ናቸው፤ እናቷና የዌንደል እናት ማክሰኞ ማክሰኞ አብረው ካርታ ይጫወታሉ። ሁለቱ ገና ሲድሁ ጀምሮ ከተማው ስማቸውን አያይዞ ይጠራል። ላቦራቶሪ ውስጥም ጠረጴዛ ሲከፈል እነሱ አብረው ደረሳቸው። ማን ይገረማል?

የመጀመሪያው ቀን ነው ነገሩን ሁሉ ያበላሸው። አስተማሪያችን ሚስስ ኦስትቢ ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ሰውን በዓይናቸው የሚበሱ ሴት ናቸው። አሳማዎቹን ከበርሜሉ ሳያዩ እያወጡ ለየጠረጴዛው ካደሉ በኋላ እጃቸውን አጨበጨቡ።

«አሁን የያዛችሁት ወንድ ይሁን ሴት ሳትቀዱ፣ ከውጭ ብቻ አይታችሁ ንገሩኝ። ያወቀ ይምጣና ጥቁር ሰሌዳው ላይ ይጻፍ። ሴት ብሎ የጻፈ፣ ከእሱ ቀጥሎ ወንድ ብሎ ከጻፈው ጋር ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ እስከ መጨረሻው ቀን አትለያዩም። በመጨረሻው ቀን የየራሳችሁን አንዳችሁ ለአንዳችሁ ታስተምራላችሁ። ሰሌዳው አይጠፋም። የጻፋችሁትንም እኔ አላርምም፤ አሳማው ራሱ ያርማችኋል።»

ዶቲ ወዲያው የእኛን ገልብጣ «ጡት አላት፣ በቃ ሴት ናት» አለች።

«አንቺ ሞኝ፣ ጡት እኮ ወንዶቹም አላቸው።»

«ውይ! ምን ሊያደርግላቸው?»

«ፈጣሪን ጠይቂው። ጅራቷን አንሺ።»

ጅራቷን አነሳችና ጮኸች። «ወንድ ነው! ይኸው ይታያል!»

ጀማሪን ሁሉ የሚያሳስተው ይሄ ነው። ከሴቷ ጅራት ሥር ሾጠጥ ያለች ትንሽ ሥጋ አለች፤ የማያውቅ ሰው እሷን ያይና ወንድ ነው ይላል። የወንዱ ምልክት ግን ሌላ ቦታ ነው፤ ሆዱ ላይ፣ ከእትብቱ ወረድ ብላ ያለች ቀዳዳ ናት። የእኛ እዚያ ምንም የላትም። ሄጄ «ሴት» ብዬ ጻፍኩ።

ጠመኔው ከእጄ ሳይወርድ ዌንደል ከኋላዬ መጣ። ሜርል የሚባል ረጅም ልጅ ተራውን ይጠብቅ ነበር፤ ዌንደል በትከሻው ገፋ አድርጎት አለፈና ጠመኔውን ከጣቶቼ ውስጥ መንጭቆ «ወንድ» ብሎ ጻፈ። ዞር ስል ጆስሊን አፍንጫዋን ይዛ፣ ፊቷን ከአሳማው አዙራ፣ ለእሱ ስታጨበጭብለት አየሁ። ለእሷ ሊታይላት ነው የሮጠው፣ አልኩ በልቤ። እንደዚያ ነው ሁለቱ ከእኔ ፊት ለፊት የተቀመጡት፤ እኔም ለሳምንታት ሲኦሌን ቁጭ ብዬ ያየሁት።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ አንድ ነገር አይ ነበር። የአሳማቸውን እግሮች በሲባጎ ከትሪው ሥር አሳልፎ ሲያስር የጆስሊን ጣት ቋጠሮው ላይ ይሆናል። እሱ ልብ ሲያወጣ እሷ ዓይኗን ትከድናለች፤ ጭንቅላቷም ትከሻው ላይ ይደርሳል። አንድ ቀን ጉበቱን አንስቶ ጣፊያውን ሲያሳያት ሳቀች። ጣፊያ ምን ያስቃል? እኔ ስንት ጣፊያ አይቻለሁ፣ አንድም ቀን ስቄ አላውቅም።

እሱ አልፎ አልፎ ቀና ይላል። ዓይኑ ሊያገኘኝ ሲል የእኔ ዓይን ጆስሊን እጅ ላይ ነው። አንድ ጊዜ መቀሱን ሲያቀብለኝ ጫፉን አልለቀቀውም፤ ሁለታችንም ይዘነው ቀረን።

«ሎርና» አለኝ ቀስ ብሎ።

«የራስህን አሳማ ቅደድ» አልኩትና መንጭቄ ወሰድኩት።

ዶቲ ጉንጬን አይታ ምላጩን ከፊቴ አነሳች። 

ከመጨረሻው ቀን በፊት በነበረው ቀን ጆስሊን ጓንቷን እያወለቀች፣ ለሁላችንም እንደምትነግር አድርጋ «እሁድ ምሳ ሃቨሮች ቤት ነን፣ ቤተሰቡ በሙሉ። እናትህ የአሳማ ጥብስ ልትሠራ ነው አይደል ዌን? እኔ እንኳ ከዚህ በኋላ አሳማ የምበላ አይመስለኝም» አለች። ዌንደል አንገቱን ደፍቶ ትሪውን ይጠርጋል።  እኔ እዚያ ቤት ደጃፍ ላይ እንኳ ቆሜ አላውቅም።

መኪና ማቆሚያው ጋ ተከትሎኝ መጣ። ጭቃው ውስጥ ጫማው እየሰመጠ ሮጠ።

«ሎርና፣ ቁሚ እንጂ! አንድ ነገር ልንገርሽ።»

«እሁድ ምሳ ላይ ለጆስሊን ንገራት።»

«እናቴ ናት የጠራቻቸው። እኔ አልጠራሁም።»

«እኔንም አልጠራኸኝም።»

አፉን ከፈተና ዘጋው። ይሄ ነው ያቃጠለኝ። የሚለው ቢኖረው፣ ቢቆጣ፣ ቢዋሽ እንኳ ይሻለኝ ነበር።

«አየህ?» አልኩት። «የምትለው የለህም። አርቪድ ስኮግ ልጅ ያለችው አይመስልህም፤ ጉረኖ ብቻ ያለው ይመስልሃል። አበቃ ዌንደል። ሐኪሙ ቢልክህም አትምጣ።»

መኪናውን አስነስቼ ሄድኩ። በመስታወቱ ሳየው እዚያው ቆሟል፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ። ዞሬ ልመለስ ፈለግሁ። የጆስሊን ሳቅ ጆሮዬ ላይ ስለነበር አልተመለስኩም።

በመጨረሻው ቀን የቀረን የታችኛው ሆድ ብቻ ነበር። ሚስስ ኦስትቢ ወንድና ሴት የሚለይበትን ክፍል ሁልጊዜ ለመጨረሻ ያቆዩታል። መጀመሪያ እኛን ጠየቁን። እኔ አንጀቷን ወደ ጎን አድርጌ፣ ከኩላሊቶቿ ወረድ ብለው የተቀመጡትን የእንቁላል ዕጢዎች፣ ከእነሱ ተነስተው እየተጠማዘዙ መሐል ላይ የሚገናኙትን ሁለቱን የማህፀን ቀንዶች አሳየሁ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ጆስሊንን እያየሁ ነበር የማስተምረው፤ እሷ ደግሞ እኔን አታይም።

«መልካም» አሉ ሚስስ ኦስትቢ። «አሁን እናንተ። ዌንደል፣ የዘር ፍሬዎቹን አሳያቸው። ወርደው ከረጢቱ ገብተዋል ወይስ ገና ናቸው?»

ዌንደል አልተንቀሳቀሰም። ምላጩን ይዞ ቆመ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምን ትጠብቃለህ? እንዲናገር ነው?» አሉና ራሳቸው መርፌውን ወስደው የአሳማውን አንጀት ገለጥ አደረጉ። ጎንበስ አሉ። መነጽራቸውን አስተካከሉ። ከዚያ መርፌውን ትሪው ላይ አስቀመጡት።

«ይሄ ማህፀን ነው» አሉ። «ወንድ ማህፀን የለውም፤ ቢያንስ እኔ እስካስተማርኩበት ጊዜ ድረስ አልነበረውም።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ሜርል ከመስኮቱ በኩል «የወደፊቱ የእንስሳት ሐኪም! በሬያችንን እንዲያልብልን ጥሩት!» ብሎ ጮኸ። ሌላው ጠረጴዛ ደበደበ። ዶቲ እንኳ አፏን በእጇ ይዛ ትንቀጠቀጣለች።

እኔ አልሳቅኩም። ተነስቼ ትሪያቸውን አየሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። ጅራቷ ሥር ያቺ ሾጠጥ ያለች ሥጋ አለች። ከእትብቷ ወረድ ብሎ ምንም የለም፣ ልሙጥ ነው። ከሩቅ የምትለይ ሴት ናት። የአርቪድ ስኮግ ልጅ ለሳምንታት ፊቷ ተጋድማ አላየቻትም!

ሚስስ ኦስትቢ እጃቸውን አነሱና ሳቁ ቀስ በቀስ ቆመ።

«የጅራት ሥሯን አይተህ ተሳስተህ ነው አይደል? በየዓመቱ አንድ ሰው ይሳሳታል። ስህተት ከሆነ ጥቂት ማርክ ቆርጬ አልፈዋለሁ።»

የሚጠበቅበት አዎ ማለት ብቻ ነበር። ክፍሉ ሁሉ አዎ እንዲል እየጠበቀው ነው። እኔ ግን ያን ቀን ጉረኖው ውስጥ አጠገቡ ነበርኩ። ገና እጄ ላይ ሳሉ የሚለይ ሰው ጅራት ሥር አይሳሳትም። ታዲያ ለምን? ዓይኔ ወደ ሰሌዳው ሄደ። የእኔ «ሴት» አለ፤ ከሥሩ የእሱ «ወንድ»፤ ከሥሩ የሜርል «ወንድ»። ሴት ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ከእኔ ፊት ለፊት የሚቀመጠው ሜርል ነበር፤ እሱ ደግሞ ከሌላ ሰው ጋር።  የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዝኩ።

«አልተሳሳትኩም» አለ ዌንደል። «አውቄ ነው።»

 የቧንቧው ጠብታ ይሰማል።

«አውቄ ነው ማለት ምን ማለት ነው?» አሉ ሚስስ ኦስትቢ። «ስህተትና ውሸት እኔ ዘንድ አንድ አይደሉም። ለውሸት ምንም ማርክ አልሰጥም። አንተ ደግሞ ማርኩ እንደሚያስፈልግህ አውቃለሁ።»

«አዎ። ሴት መሆኗን አይቼ ነው ወንድ ብዬ የጻፍኩት። ጆስሊን አላወቀችም፤ ጥፋቱ የእሷ አይደለም።»

«ለምን?»

ዌንደል ጓንቱን አወለቀ።  እኔን አየኝ፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን ከዓይኑ አላሸሸሁም።

«ከሎርና ስኮግ ፊት ለፊት ለመቀመጥ» አለ። «እወዳታለሁ። ከመኸር ጀምሮ እወዳታለሁ።»

አንድ ሰው አፏጨ። ሚስስ ኦስትቢ ዘወር ብለው ሲያዩት መልሶ ዋጠው። እኔ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ አይደል? ለወራት የጓጓሁለት ቃል ነው፣ ያውም በሰው ፊት። ግን መጀመሪያ ያየሁት ጆስሊንን ነው፤ ቅናት ልማድ ሆኖብኝ ዓይኔ ሌላ መሄጃ አያውቅም ነበር። ጆስሊን ፀጉሯን የያዘውን ሪባን እየፈታች ነበር። አላለቀሰችም። እየሳቀች ነበር፣ ከለቅሶ የማይለይ ሳቅ።

«ጅል ነኝ» አለች። «እኔ የማየው እሱን ነው። እሱ የሚያየው አንቺን ነው። አንቺ ደግሞ የምታዪው እኔን ነው፤ ቁልጭ ቁልጭ ስትዪብኝ አልነበር? እና አሳማዋን ማን ይያት?»

 ሪባኑን ኪሷ ከታ ወጣች፤ ሚስስ ኦስትቢም አላስቆሟትም። እንድትጠፋልኝ ስመኛት የሰነበትኩ ሴት ወጥታ ስትሄድ ጀርባዋን በዓይኔ ተከተልኩት። የእሷ ዓይን ውስጥ ያየሁት የራሴን ቅናት ነበር።

ትምህርቱ ሲያልቅ ዌንደል ኮሪደሩ ላይ፣ የሕዝብ ስልኩ አጠገብ ግድግዳ ተደግፎ ጠበቀኝ። ፈገግ ሊል ሞከረ።

«በቃ፣ አሁን ሁሉም አወቀ» አለኝ።

ልቤ ወደ እሱ እየሮጠ እግሬ ቆመ። 

«ከእኔ ፊት ለፊት ለመቀመጥ መዋሸት ነበረብህ?»

«ሌላ መንገድ አልነበረኝም።»

«ነበረህ! እናትህን እሁድ ሎርናን ልጥራት ማለት መንገድ አይደለም? እዚያ ቤት ጠረጴዛ የለም? ለሚስስ ኦስትቢ ዋሸህ፣ ለጆስሊን ዋሸህ፣ ለሞተች አሳማ ዋሸህ፤ ይሄ ሁሉ ውሸት ለእናትህ አንዲት እውነት ላለመናገር ነው። የዓመት ልፋትህን ከመጣልና እኔን እቤትህ ከማስገባት የቱ ይከብድሃል?»

«እናቴን አታውቂያትም።»

«እንዴት አውቃቸው? ብርቱካን ሲመርጡ ነው ያየኋቸው!»

ድምፄ ኮሪደሩን ሞላው። ያልፉ የነበሩ ልጆች ፍጥነታቸውን ጨመሩ። ዌንደል ጭንቅላቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ጣሪያውን አየ።

«ፈርቼ ነው» አለ። «እሷን አይደለም የምፈራው። አንቺ ላይ የምታደርገውን ነው። በአንድ ቅንድብ ሰውን እንዴት እንደምታሳንስ አንቺ አላየሽም። አንቺ ያን ፊት እንድታዪ አልፈለግሁም።»

«እኔ እኮ በሱቁ ውስጥ ያንተን ፊት አይቻለሁ ዌንደል። ከዚያ የባሰ ምን ሊያሳዩኝ ነው?»

ይህንን ስለው የመታሁት ያህል ደነገጠ።  ሊሄድ ነው ብዬ ነበር፤ ይሄዳል ብዬም ራሴን አዘጋጅቼ ጥርሴን ነክሻለሁ። እሱ ግን ኪሱን ዳበሰ፣ ሳንቲም አወጣ፣ ስልኩን አነሳ። ሲደውል ጣቱ አንድ ጊዜ ስቶ እንደገና ጀመረ።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ... አይ፣ ደህና ነኝ። ስሚኝ፣ ሌላ ሰው ሳይነግርሽ እኔ ልንገርሽ። ትምህርቱን ወድቄያለሁ... እሱን እነግርሻለሁ። እማዬ፣ እሁድ አንድ ሰው ጨምሪ።» ዓይኑን ከእኔ አልነቀለም። «ጆስሊን የምትመጣ አይመስለኝም። ሎርና ስኮግ... አዎ፣ የአርቪድ ልጅ... አዎ፣ አሳማ የሚያረቡት። ሌላ አርቪድ የለም እኮ።»

ከዚያ ረጅም ጊዜ ሰማ። ጉንጩ ላይ ያለው ጅማት ይመታል። እኔ ወለሉን አያለሁ።

«እወዳታለሁ እማዬ» አለ በመጨረሻ። «ከአንቺ ደበቅኳት። እሷ አሳፍራኝ ሳይሆን እኔው ራሴን አሳፍሬ ነው የኖርኩት። እሷ ካልመጣች እኔም እሁድ አልበላም።»

 ከዚያ ስልኩን ከጆሮው አውርዶ ዘረጋልኝ።

«ልታናግርሽ ትፈልጋለች።»

እጄን ቀሚሴ ላይ ጠረግሁና ተቀበልኩት።  ለእኚህ ሴትዮ በልቤ ስንት ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፣ እያንዳንዱ እሳት የሚተፋ። አሁን አንዱም አልመጣልኝም።

«ሃሎ፣ ሚስስ ሃቨር።»

መልስ የለም። መስመሩ አልተቋረጠም፤ ትንፋሻቸው ይሰማኛል። አጭር አጭር ነው። ደረት ላይ ደርሶ የሚመለስ፣ ወደ ታች የማይወርድ ትንፋሽ። ይሄንን ትንፋሽ አውቀዋለሁ። የአንድ ሰው እጅ ሌላ ሰው ክንድ ላይ ሲያርፍ እያየሁ ስተነፍሰው የሰነበትኩት ነው። ሴትዮዋ አልናቁኝም። ቀንተውብኛል። ያሳደጉትን ልጅ ስሜን ሲጠራ ሰምተውት፣ ጠረጴዛው ማዶ ብቻቸውን ቀርተዋል።

በዚያች ቅጽበት ቁጣዬ ከየት እንደወጣ ሳላውቅ ሄደ።

«ሚስስ ሃቨር» አልኩ፣ «እኔም ፈርቻለሁ።»

ትንፋሻቸው ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ረጅም ሆኖ ወጣ።

«አባትሽ» አሉ፣ ድምፃቸው ሻከር ብሎ፣ «ጥብሱን ምን ያህል ሰዓት ነው ምድጃ ውስጥ የሚያቆዩት? እኔ ሁልጊዜ ይደርቅብኛል።»

አፌን በመዳፌ ሸፈንኩ። ዌንደል ምን እንዳሉኝ በዓይኑ እየጠየቀኝ ተጠጋኝ፤ ልነግረው አልቻልኩም። ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ፣ እንባዬ አገጬ ላይ እየወረደ፣ ለእኚያ ሴት ስለ ጥብስ የማውቀውን ሁሉ ነገርኳቸው።